ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን መጽሐፍ ጽፈው በራሳቸው ገንዘብ ለማሳተም ለሚያስቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ፣ በሉማሜም በቢቸናም በደምበጫም፣ ቀን ሲያስተምሩ ወይም ቢሮ ሲሠሩ ውለው ማታ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። የቅኔ መምህራን አሉ፤ ጡረታ ወጥተው የአካባቢያቸውን ታሪክ የሚሰበስቡ አባቶች አሉ፤ ግጥማቸውን በስልካቸው የሚያጠራቅሙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሉ። ለሁላችሁም የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ምክር ሁሉ ከእሱ የሚመነጭ ነው። ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አንባቢያችሁን አግኙ።

ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው። ደራሲው ዓመታት ለብቻው ይጽፋል። ካለው ቆጥቦ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ አንዳንዱም ከብት ሸጦ አዲስ አበባ ይሄዳል። አንድ ሺህ ቅጂ ያሳትምና በአውቶቡስ አስጭኖ፣ ዓባይን ተሻግሮ ይመለሳል። «ለማን ልሽጠው?» ብሎ ማሰብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ወዳጅ ዘመድ መቶ ያህሉን ይገዛለታል፤ የቀረው በካርቶን እንደታሸገ አልጋ ሥር ይቀመጣል። መጽሐፉ ግን መጥፎ ላይሆን ይችላል። የሚጠብቀው ሰው አለመኖሩ ነው የጎዳው።

ጎጃም ደራሲ አጥታ አታውቅም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. ለኅትመት የበቃው ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰዎቹን ያመላለሳቸው እኛ በምናውቃቸው መንገዶች ነው፤ በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው፣ ቅኔ የተማረው ዲማ ነው፣ ሰብለ ወንጌልን ያገኛትም እዚያው ዲማ ነው። ከዚያችው ከማንኩሳ ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ በዕውቀቱ ሥዩም ወጣ። ከአቸፈር አቤ ጉበኛ ወጣ። ወደ ኋላ ከሄድን፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን እዚሁ የነበሩትን ሠዓሊና ታሪክ ጸሐፊ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን እናገኛለን። የእሳቸው ታሪክ በእጅ ጽሑፍ ብዙ አሥርት ዓመታት ኖሮ፣ ምሁራን አዘጋጅተው ያሳተሙት በእኛ ዘመን ነው። ስለዚህ ችግራችን ያለው ከብራና፣ ከደብተር ወይም ከኮምፒውተር ተነሥቶ አንባቢው እጅ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ይህ መንገድ በአገራችን ከድሮም ጀምሮ በደራሲው ትከሻ ላይ የወደቀ ነው። ከደርግ በፊት በነበረው የንጉሠ ነገሥት ዘመን ደራሲው ራሱ ከማተሚያ ቤት ጋር ተዋውሎ፣ ራሱ ከፍሎ፣ ራሱ መሸጥ የተለመደ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴማ ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ተቋቁሞ የብዙ ደራስያንን ሥራ አሳተመ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኩራዝ እየተዳከመ ሲሄድ ደራሲው ወደ ቀድሞው ኑሮ ተመለሰ። ዛሬ በአዲስ አበባ አሳታሚዎች ቢኖሩም ስሙ ላልታወቀ ጸሐፊ፣ በተለይም ከዋና ከተማው ርቆ ለሚኖር ሰው፣ በራቸው ቶሎ አይከፈትም። በራስ ወጪ ማሳተም እንግዲህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አብዛኛው ታሪክ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ ልግባ። አንባቢን ማግኘት የሚጀመረው ገና ሲጻፍ ነው፤ ለዚህም ሩቅ አገር ሄደን ዘዴ መማር አያስፈልገንም። የጎጃም የቅኔ ጉባኤ ይህን ለዘመናት ሲያደርገው ኖሯል። ተማሪው ቀን ጫካ ገብቶ ወይም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ለብቻው ይቆጥራል። ማታ ግን ለብቻው አይቀመጥም፤ ለነገራ ይቀርባል። በአስነጋሪው ወይም በመምህሩ ፊት ቆሞ የቆጠረውን ይናገራል። ቤቱ ከጎደለ፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ፣ ሰምና ወርቁ ከተፋለሰ እዚያው ይታረማል፤ ሌሎቹም ተማሪዎች ይሰማሉ። ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃናን በሚገባ ሳያውቅ ወደ ዘአምላኪየ አይዘልም። ቅኔው ሰው ፊት የሚቆመው ቢያንስ አንድ ጊዜ ከታረመ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን ቆጠራውን ይዘን ነገራውን ረሳነው። ሦስት መቶ ገጽ ያለው ልብ ወለድ አንድም ጆሮ ሳይሰማው ማተሚያ ቤት ይገባል።

ስለዚህ ለመጽሐፋችሁ ነገራ አብጁለት። አንድ ምዕራፍ ስትጨርሱ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለሰው አንብቡ። የምትመርጡት ሰው የሚወዳችሁ ብቻ አይሁን። የምትጽፉበትን ጉዳይ በደንብ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር፤ ስለ ጤፍ አዝመራ ከጻፋችሁ ገበሬ ይስማው፣ ስለ ፍርድ ቤት ከጻፋችሁ ጠበቃ ይስማው። እናንተን ጨርሶ የማያውቅ፣ ለስሜታችሁም የማይጨነቅ ሌላ ሰው ይጨመርበት። ሦስተኛው መጽሐፉ የታሰበለት ሰው ነው፤ ለወጣት ከሆነ ወጣት፣ ለእናቶች ከሆነ እናት። ሲሰሙ ፊታቸውን ተመልከቱ። «ጥሩ ነው» የሚለው ቃል ብዙም አይጠቅማችሁም። የሚጠቅማችሁ ስልካቸውን ያወጡበት ቦታ ነው፤ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማን ነበር?» ብለው የጠየቁበት ቦታ ነው፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» ያሉበት ቦታ ነው። በደብተራችሁ ጠርዝ ላይ እነዚህን ሦስቱን ምልክት አድርጉ። በኋላ ስታርሙ ከየትኛውም የድርሰት መመሪያ የበለጠ ይረዷችኋል።

ከነገራው ቀጥሎ አርታኢ ያስፈልጋል። አርታኢ ማለት የፊደል ግድፈት ለቃሚ ብቻ አይደለም። በሦስተኛው ምዕራፍ በሐምሌ የታጨች ልጅ በአምስተኛው ላይ በዚያው ዓመት በሰኔ ስትዳር የሚይዝ ሰው ነው። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ በመጽሐፉ ሁሉ በአንድ ሥርዓት መጻፋቸውን የሚከታተል ሰው ነው። አንዳንድ ደራሲ ለሽፋን ሥዕል በደስታ ይከፍልና ለአርትዖት ሲሆን እጁ ይታሰራል። እኔ ገንዘቡ አይበቃም ለሚለኝ ሰው የምመክረው ከሽፋኑ ቀንሶ ለአርታኢው እንዲጨምር ነው። የጎጃም አነጋገራችሁን ግን አርታኢው «ያልተለመደ ነው» ብሎ እንዲያጠፋው አትፍቀዱ። ገጸ ባሕርያችሁ ማንኩሳ ተወልዶ እንደ አዲስ አበባ ልጅ ከተናገረ አንባቢው ያውቅባችኋል።

አንድ ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር ልጨምር። ጽሑፋችሁን በኮምፒውተር ስታስተይቡ በዩኒኮድ ፊደል ይሁን። የግዕዝ ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ይሁንና በየጽሕፈት ቤቱ ከዚያ በፊት በነበሩት ዘዴዎች የሚተይቡ ዛሬም አሉ። እንዲህ የተተየበ ጽሑፍ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ፊደሉ ይዘበራረቃል። በተለይ እንደ ቋ፣ ኳ፣ ጓ ያሉት ሆሄያት ሲጠፉ ወይም ሲቀየሩ ይታያል። ገጹ ተቀናብሮ ካለቀ በኋላ ያልታረመ ግድፈት ቢገኝ ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ነገር ግን ከማተሚያ ቤቱ የመጨረሻውን የሙከራ ቅጂ በወረቀት ሳትቀበሉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታነቡና ሳትፈርሙ «ይታተም» አትበሉ።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ሒሳብ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ማተሚያ ቤቶች ገጽን የሚያስቡት በአሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ነው፤ ወረቀቱ ታትሞ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ስለሚሆን ነው። መጽሐፋችሁ 160 ገጽ ከሆነ አሥር ጊዜ አሥራ ስድስት ይሆናል። 163 ቢሆን ለሦስት ገጽ ብላችሁ እስከ 176 ገጽ የሚሄድ ወረቀት ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ ገጹ ሲቀናበር ይህን አስታውሱና ወይ ሦስቱን ገጽ ቀንሱ፣ ወይ የተረፈውን ለሚቀጥለው መጽሐፋችሁ ማስታወቂያና ለአድራሻችሁ ተጠቀሙበት። ከሦስት ማተሚያ ቤቶች ያላነሰ የዋጋ ማቅረቢያ ሰብስቡ። ስትጠይቁም የወረቀቱን ክብደት በግራም፣ የሽፋኑን ዓይነት፣ በስፌት ይሁን በሙጫ፣ የቅጂውን ብዛት ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉ፤ አለዚያ ዋጋዎቹ አይወዳደሩም።

ቅጂው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው፤ ብዙዎችን የሚጥላቸውም እሱው ነው። «አንድ ሺህ ከማሳትም ሦስት ሺህ ባሳትም ይረክሳል» ይላሉ። የረከሰ ግን ያልተሸጠ መጽሐፍ ከሁሉ የተወደደው ነው። ለምሳሌ ብቻ ቁጥር እንያዝ። አንድ ቅጂ ለማሳተም 150 ብር ወጣባችሁ እንበል፤ አንድ ሺህ ቅጂ 150,000 ብር ይሆናል። የሽፋን ዋጋው 300 ብር ይሁን። አከፋፋዩና መደብሩ በአንድነት ከመቶ 40 ቢወስዱ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ለእናንተ 180 ብር ይደርሳችኋል። እንግዲህ ያወጣችሁትን ብቻ ለመመለስ 834 መጽሐፍ መሸጥ አለበት። በእጃችሁ፣ ራሳችሁ በሙሉ ዋጋ ብትሸጡ ግን 500 ይበቃችኋል። ይህን ሒሳብ በራሳችሁ ቁጥር ሠርታችሁ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛችሁ ላይ ሳትለጥፉ ከማንም ጋር አትዋዋሉ። ከኪሳችሁ የሚወጣው የትራንስፖርቱ፣ የጫኝና አውራጁ፣ በስጦታ የሚሰጠውም ቅጂ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።

በደብረ ማርቆስ ላለ ደራሲ ይህ ሒሳብ አንድ ነገር ይነግረዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት መቶ አንባቢዎች ከአዲስ አበባ መምጣት የለባቸውም። እዚሁ አሉ። ስለዚህ ቅድመ ምዝገባ አድርጉ። ጽሑፉ ተጠናቆ፣ ታርሞ፣ የማተሚያ ቤት ዋጋ በእጃችሁ ሲገባ ደብተር ክፈቱ። የሥራ ባልደረቦቻችሁ፣ የተማራችሁበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ የማኅበራችሁ አባላት፣ የነገራ አድማጮቻችሁ ይመዝገቡ። የሚከፍል ካለ በደረሰኝ ይክፈል፤ ገንዘቡንም ሁሉም የሚያምነው ሌላ ሰው ይያዘው፤ መጽሐፉ ቢዘገይ ማንም እንዳያማችሁ። መቶ ሰው ካልተመዘገበ አንድ ሺህ ቅጂ አታሳትሙ። ትንሽ ቅጂ በዲጂታል ማተሚያ አሳትሙና ሥራው ሲታወቅ ድገሙት። በአንድ ቅጂ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ነገር ግን ዕዳ አይጥላችሁም።

ከናይጄሪያ አንድ ምሳሌ ላምጣ። በኒጀር ወንዝ ዳር ኦኒትሻ የምትባል የገበያ ከተማ አለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1940ዎቹ ጀምሮ እስከ ቢያፍራ ጦርነት ድረስ በዚያች ከተማ ልዩ የመጽሐፍ ሕይወት ነበር። መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ጋዜጠኞች፣ ነጋዴዎች ቀጫጭን መጻሕፍት ይጽፉ ነበር፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ፣ ስለ ከተማ ኑሮ ፈተና። የሚያትሟቸው እዚያው ከተማ ያሉ ትናንሽ ማተሚያ ቤቶች ናቸው፤ የሚሸጡትም በገበያውና በመኪና ማቆሚያው ነው። ኋላ ስመ ጥር የሆነው ደራሲ ሲፕሪያን ኤክዌንሲ ከጀማሪዎቹ አንዱ ነበር። ሌጎስ ወይም ለንደን እስኪጠራቸው አልጠበቁም። አንባቢው ገበያ ይመጣል፤ መጽሐፉም ገበያ ወጣ። ደብረ ማርቆስም የተማሪና የገበያ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ መናኸሪያ አላት፣ ከደጀን እስከ ፍኖተ ሰላም የሚመላለስ ሰው ያልፍባታል። ስልሳና ሰማንያ ገጽ ያለው፣ በአንድ ጉዞ የሚነበብ፣ በቀላል ዋጋ የሚሸጥ መጽሐፍ እዚህ ቦታ የማያገኝበት ምክንያት አይታየኝም። አምስት መቶ ገጽ ካልሆነ መጽሐፍ አይባልም የሚለውን አስተሳሰብ ብንተወው ለጀማሪው ሸክሙ ይቀልለታል።

ሽያጭ ጊዜም አለው። መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ መጽሐፍ የሚገዛው ደመወዝ በተቀበለበት ሳምንት ነው። መስከረም ቤተሰብ ለደብተርና ለደንብ ልብስ የሚያወጣበት ስለሆነ ለልብ ወለድ የሚተርፍ ገንዘብ የለም። አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ከጥር ጀምሮ፣ የገጠሩም እጅ ይላላል፤ ሠርግና ዝክር የሚበዛበት፣ ሰው የሚገናኝበት ወቅት ነው። ሰኔና ሐምሌ ደግሞ የተመራቂ ስጦታ ይፈለጋል። መጽሐፋችሁ የሚወጣበትን ወር እንግዲህ ከማተሚያ ቤቱ ወረፋ ጋር ብቻ ሳይሆን ከዚህም ጋር አገናዝቡ። መንገዱ በሰላም የማይኬድበት ጊዜ እንዳለም ሁላችንም እናውቃለንና መጽሐፉ ከሚመረቅበት ቀን ቀደም ብሎ እዚህ ይድረስ።

ስለ ሽፋን ብዙ አልናገርም። አዟሪው መጻሕፍቱን ደራርቦ በክንዱ ይዞ ሲያልፍ የመጽሐፋችሁ ስም ከሩቅ ይነበባል ወይ? ጀርባውስ ላይ ያለው ጽሑፍ ታሪኩን ነው የሚነግረኝ ወይስ የወዳጆቻችሁን ሙገሳ? እነዚህን ሁለቱን ጠይቁ፣ ይበቃል።

በምርቃቱ ዕለት ከንግግር ይልቅ ከመጽሐፉ ይነበብ። ከአንድ ሰዓት የምስጋና ንግግር በኋላ የደከመ ሰው አይገዛም። ድምፁ ያማረ ሰው አሥር ደቂቃ የሚሆን ክፍል ያንብብ፤ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ሲደርስ ያቁም። የሽያጩ ጠረጴዛ መውጫው በር አጠገብ ይሁን፤ ጥሬ ገንዘብ ላልያዘ ሰው በቴሌብር ወይም በባንክ የሚከፍልበት ቁጥር በጉልህ ተጽፎ ይቀመጥ። ለፊተኛው ረድፍ እንግዶች መጽሐፉን በነፃ የማደል ልማድ አለን። አቅም ያለው ሰው ገዝቶ ቢያከብራችሁ ይሻላል። በነፃ የምትሰጡት ቅጂ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና ስለ መጽሐፉ ለሚጽፍ ወይም በሬዲዮ ለሚናገር ሰው ይሁን።

ሬዲዮን ካነሣሁ አንድ የምታውቁትን ታሪክ ላስታውሳችሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወረቀት ያነበበው ብዙ ነው፤ የሰማው ግን ይበልጣል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ከገጸ ባሕርያቱ ከእነ ጉዱ ካሣ ጋር ተዋወቀ። የፊታውራሪ መሸሻን ድምፅ በወጋየሁ ድምፅ የሚያስታውስ ትውልድ አለ። ትረካው የመጽሐፉን ገበያ አልዘጋበትም፤ ሰምቶ የወደደው ሰው መጽሐፉን ፈለገ። እናንተም ጽሑፋችሁ ሲሰማ ምን እንደሚመስል ከመጀመሪያው አስቡ። አንድ ምዕራፍ በስልክ ጥሩ አድርጋችሁ ቅዱ፤ ጫጫታ በሌለበት ክፍል፣ ስልኩን ከአፍ ትንሽ አርቃችሁ። ለአካባቢያችሁ ኤፍ ኤም ጣቢያ ስትልኩት አዘጋጁ ሊያነበው የሚችል ግማሽ ገጽ መግለጫ አያይዙ። የምንቀበለው ብዙ ነው፤ ለመስማት የተመቸውን ቶሎ እናዳምጠዋለን።

ቴሌግራም ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ በየቡድኑ ሲበተን የሚደርስባችሁን ሐዘን አውቃለሁ። ሌብነት ነው፤ በሌላ ስም ልጠራው አልችልም። እያወቃችሁ የምትቀባበሉ አድማጮች ካላችሁ፣ ያ ደራሲ ዕዳ ተበድሮ ያሳተመው መሆኑን አስቡለት። ለደራስያን የምመክረው ደግሞ ቀድማችሁ ራሳችሁ እንድትገኙ ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ እናንተ በስማችሁ ልቀቁት፤ በመጨረሻው መስመር መጽሐፉ የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚከፈል ጻፉ። የተሰረቀውን ያገኘ ሰው እናንተን የሚያገኝበት መንገድ ይኑረው። የቡድኑን ኃላፊም በጨዋ ቋንቋ እንዲያነሳ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ያነሣሉ።

አሁን ወደ ግንኙነት ልለፍ፤ ከሰው ጋር መያያዝ ማለቴ ነው። አንዳንድ ጸሐፊ ይህን ሲሰማ ልመና ይመስለዋል። ልመና የሚሆነው ሌሎች ሲያሳትሙ ሳትገኙ የራሳችሁ ቀን ሲደርስ ብቻ ጥሪ የምትበትኑ ከሆነ ነው። የጓደኛችሁን መጽሐፍ ግዙ፣ አንብቡ፣ ስለ እሱ እውነተኛ አስተያየት ጻፉ፣ ለተማሪዎቻችሁ ንገሩ። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለ፤ የአማርኛ መምህራንም አሉ። መጽሐፋችሁ ከታተመ በኋላ ሳይሆን ገና ስትጽፉት ሄዳችሁ ተዋወቋቸው። በ1952 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር አለ፤ አባል ለመሆን የሚጠይቀውን አሟልታችሁ ግቡ። አዲስ አበባ ስትሄዱ እንደ ጦቢያ ግጥምን በጃዝ ያሉትን መድረኮች ተከታተሉ። ውጭ አገር ያሉ የጎጃም ልጆችም የአገራቸውን ታሪክና ወግ ይናፍቃሉ፤ አንድ የሚያምኑት ሰው ሃያ ቅጂ በሻንጣ ይዞላቸው ቢሄድ ለሌላው በር ይከፍታል።

ከሁሉ የምወደው ሐሳብ ግን የመጽሐፍ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ለሱቅ ማስጀመሪያ፣ ለበሬ መግዣ፣ ለሠርግ ሲረዳን ኖሯል፤ ለመጽሐፍ የማይረዳበት ምክንያት የለም። ስድስት ወይም ስምንት ጸሐፊዎች ሰብሰብ በሉ። በየወሩ የምትችሉትን ጣሉ። ዕጣው የሚወጣለት ግን ጽሑፉን የጨረሰና በዕቁብተኞቹ ፊት ነገራ አድርጎ የታረመ ሰው ይሁን፤ ያልጨረሰ ከሆነ ተራው ለሚቀጥለው ይለፍ። ሌላው ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ዕቁብተኛ የሌላውን መጽሐፍ ሃያ ቅጂ የመሸጥ ግዴታ ይኑርበት። ስምንት ሰዎች ብትሆኑ ሰባቱ ሃያ ሃያ ሲሸጡ 140 መጽሐፍ ማለት ነው፤ ደራሲው ራሱ ከሸጠው ውጪ። አንዱ ሞጣ፣ አንዱ ቢቸና፣ አንዱ ቡሬ ቢኖር መጽሐፉ አከፋፋይ ሳይጠብቅ ሦስት ከተማ ገባ። ጸሐፊ፣ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ምረጡ፤ መተዳደሪያችሁንም በጽሑፍ አድርጉት። ይህን የጀመራችሁ ካላችሁ ለዝግጅት ክፍላችን ንገሩን፤ ሌሎች እንዲማሩበት እናስተላልፈዋለን።

ስለ አቤ ጉበኛ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ለጥቂት ጊዜ በጋዜጠኝነትና በመንግሥት ሥራ ከቆየ በኋላ በብዕሩ ብቻ ለመኖር ከቆረጡ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። በ1950ዎቹ ያወጣው «አልወለድም» ታገደበት፤ እሱም ወደ ኢሉባቦር ተግዞ ቆየ። ከዚያም ተመልሶ ጻፈ። በአፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ላይ «አንድ ለናቱ»ን አወጣ፤ በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የደራስያን ፕሮግራም ተካፍሎ በእንግሊዝኛም ጻፈ። ሥራዎቹን ስደረድር የማየው አንድ ነገር አለ፤ አንዱ መጽሐፍ ለሌላው አንባቢ ያዘጋጅ ነበር። ልብ ወለድ፣ ተውኔት፣ ግጥም ሳይመርጥ ያለማቋረጥ ስላወጣ ስሙን የሚጠብቅ ሰው ነበረው። በመጀመሪያው መጽሐፋችሁ ዕዳችሁን ከከፈላችሁና ሦስት መቶ እውነተኛ አንባቢ ካገኛችሁ አልከሰራችሁም። የእነዚያን ሰዎች ስልክ በደብተር ያዙ፤ ሁለተኛው ሲወጣ መጀመሪያ የሚደወለው ለእነሱ ነው።

ከመለያየታችን በፊት ስለ ሕግ ጥቂት ልበል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራችሁ እንደጻፋችሁት መብቱ የእናንተ ነው፤ መብቱ እንዲኖራችሁ መጀመሪያ መመዝገብ አይጠበቅባችሁም። ጥበቃው በሕይወት ዘመናችሁና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቻችሁ ይቆያል። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግን ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆናችኋል። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏልና የምታማክሩት ባለሙያ ሁለቱንም ያንብብላችሁ። ከአሳታሚ፣ ከአከፋፋይ፣ ከተራኪ ወይም ከፊልም ሠሪ ጋር የምታደርጉት ማናቸውም ስምምነት በጽሑፍ ይሁን። ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ሒሳቡ በየስንት ወሩ እንደሚተሳሰብ፣ ያልተሸጠው ለማን እንደሚመለስ ይገለጽ። የኅትመት፣ የትረካ፣ የትርጉምና የፊልም መብት የተለያዩ ናቸው፤ በአንድ ፊርማ አራቱንም አትስጡ። ከማተሚያ ቤቱም ጋር ስትዋዋሉ ከታዘዘው በላይ እንዳይታተም የሚከለክል አንቀጽ አስገቡ።

የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው። ቁጥሩ ሽፋኑ ላይ ስለሚገባ ሽፋኑ ሳይጠናቀቅ ጠይቁ። መጽሐፉ ሲታተምም በሕግ የሚጠበቅባችሁን ቅጂ ለዚያው ተቋም አስረክቡ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የአከፋፋይ ውል አንቀጽ በአንቀጽ እንዴት እንደሚነበብ ከሕግ ባለሙያ ጋር እንነጋገራለን። በእጃችሁ ያለ ውል ካለ ስሙን ሸፍናችሁ ላኩልን፤ በአየር ላይ እናየዋለን።